ሊንክ ማጠራቀም ሌላ፣ ማውጫ መሥራት ሌላ

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ከአክስቴ ልጅ ጋር ቡና እየጠጣን ስልኳን አቀበለችኝ። ፖሊ፣ ማለትም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ካምፓስ ነው የምትማረው፣ ሁለተኛ ዓመት ናት። ቴሌግራም ላይ ለራሷ ነገር የምታስቀምጥበትን ቦታ ከፍታ «ጋሼ፣ ይኸው ሁሉም እዚህ አለ፤ ስፈልገው ግን አንዱንም አላገኘውም» አለችኝ። ወደ ላይ ብስበው ብስበው አያልቅም። የፎንት፣ የምስል፣ የኮድ ትምህርት፣ የሆስቲንግ ሊንክ ተደርድሯል። የትኛው ምን እንደሆነ የሚናገር ግን አንድ ቃል የለም። ሰማያዊ ጽሑፍ ብቻ ነው። አንዱን ነካሁት፣ አልከፈተም። ቀጥሎ ያለውን ነካሁት፣ የውርርድ ገጽ መጣ።

ይህ የእሷ ብቻ ችግር አይደለም። የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ሐምሌ 2016 ላይ ከተጀመረ ወዲህ ፕሮግራሚንግ የሚማር ወጣት በየሰፈሩ እያየን ነው። ኮርሱ ያልቃል፣ ሰርተፍኬቱ ይመጣል፣ ከዚያ «እሺ፣ አሁን ዌብሳይት ልሥራ፤ ዕቃውን ከየት ላምጣ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። መልሱ በየግሩፑ ተበትኗል። አንድ ላይ የሚሰበስበው ነገር ማውጫ ይባላል። ብዙ ሰው ማውጫ ሲባል ሊንክ መደርደር ይመስለዋል፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ማውጫ ስንል ምን ማለታችን ነው?

የመጽሐፍ ማውጫ የት ገጽ ላይ ምን እንዳለ ይነግረናል። የኦንላይን ማውጫም ያንኑ ነው የሚሠራው፤ ልዩነቱ ገጾቹ የራሱ አለመሆናቸው ነው። ሌሎች የሠሩትን ነገር ይጠቁማል። ዌብሳይት ለሚሠራ ሰው የሚጠቅሙ ፎንቶች፣ ምስሎች፣ መማሪያዎች፣ ሰርቨሮች፣ የክፍያ መንገዶች የት እንዳሉ፣ ለምን እንደሚሆኑና ምን እንደሚያስከፍሉ አንድ ቦታ ላይ ይናገራል።

የባሕር ዳርን ትልቁን ገበያ አስቡት። ቅመም ተራ አለ፣ እህል ተራ አለ፣ ልብስ ተራ አለ። በርበሬ የፈለገች ሴት ገበያውን ሁሉ አትዞርም፣ ቅመም ተራ ትሄዳለች። እዚያ ደርሳም የምታምናት ነጋዴ «ይሄኛው የዘንድሮ ነው፣ ያኛው ከርሟል» ትላታለች። ማውጫ ማለት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፦ ተራው እና የነጋዴዋ ቃል። ተራ ብቻ ካለ ዕቃው የት እንዳለ እናውቃለን እንጂ የትኛው እንደሚሻል አናውቅም። ሁለቱም ከሌሉ ደግሞ ያለን የአክስቴ ልጅ ቴሌግራም ነው።

ጉግል እያለ ይህ ሁሉ ለምን?

ጉግል ስሙን ለምናውቀው ነገር ግሩም ነው። ጀማሪ ግን የሚፈልገውን ነገር ስም አያውቅም። ዌብሳይቱን ሠርቶ ሲከፍተው አማርኛው ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታየዋል። ችግሩ ፎንት መሆኑን ካላወቀ ምን ብሎ ይፈልግ? ማውጫ ላይ ግን «አማርኛው ሳጥን ሆነብኝ» የሚል ርዕስ ቢያገኝ እዚያው ይገባል።

ሌላም አለ። «ነጻ ሆስቲንግ» ብላችሁ ብትፈልጉ ከላይ የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ማስታወቂያዎችና ከሚጠቁሙት ዕቃ ኮሚሽን የሚያገኙ ጽሑፎች ናቸው። እኛን የሚያስጨንቀንን ጥያቄ፣ ማለትም «በብር ይከፈላል ወይ? የዶላር ካርድ የሌለው ሰው ይመዘገባል ወይ?» የሚለውን አይመልሱም። ያንን ሊመልስ የሚችለው እዚሁ ሆኖ የሞከረ ሰው ነው።

ነገሩ አዲስ ነው?

አይደለም፣ እንዲያውም ከጉግል ይቀድማል። ዌብን የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው «ቨርቹዋል ላይብረሪ» የመጀመሪያው ማውጫ ነው። በ1994 ጄሪ ያንግና ዴቪድ ፋይሎ የተባሉ ሁለት የስታንፎርድ ተማሪዎች የሚወዷቸውን ዌብሳይቶች በየዘርፉ መደርደር ጀመሩ፤ ያ ዝርዝር ነው አድጎ ያሁ የሆነው። በ1998 ደግሞ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ዲሞዝ የሚባል ማውጫ መጣ። ከ90 ሺህ በላይ ሰዎች ተሳትፈውበት ከ3 ሚሊዮን በላይ ዌብሳይት መዝግቦ ነበር።

ሁለቱም ዛሬ የሉም። የያሁ ማውጫ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ተዘጋ፣ ዲሞዝ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2017 ላይ። ዌቡ የሰው እጅ ሊደርስበት ከሚችለው በላይ ሰፋ፤ ሁሉንም ዓለም በአንድ ማውጫ መያዝ አልተቻለም። ጠባብ ማውጫዎች ግን አልሞቱም። ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ዌብሳይት ላይ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ፕሮግራመሮች «ኦውሰም» በሚል ስም በየርዕሱ የሚያዘጋጇቸው ዝርዝሮች እስካሁን በደንብ ይሠራሉ። አንድ ዝርዝር አንድ ጉዳይ ብቻ ይይዛል፣ ጉዳዩን የሚያውቁ ሰዎች ይጠብቁታል። እኛም የምንፈልገው እንዲህ ያለውን ነው፤ አማርኛ ዌብሳይት ለሚሠራ ሰው የሚሆን፣ ጠባብ ማውጫ።

ምን ምን ይግባበት?

በዶሜይንና በሆስቲንግ እንጀምር፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ዶሜይን አድራሻ ነው፣ ሆስቲንግ ቦታ ነው። «ቀበሌ 14፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ» ማለት አድራሻ ነው፤ ቤቱ ያረፈበት መሬት ግን ሌላ ነገር ነው። ለሁለቱም ለየብቻ ይከፈላል። በዶት ኢቲ የሚያልቀውን የአገራችንን አድራሻ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። የውጭዎቹ አድራሻዎችና ሰርቨሮች ግን አብዛኞቹ የሚከፈሉት በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጀማሪ የሚቆመው። ስለዚህ ማውጫው በእያንዳንዱ ሆስቲንግ ፊት ለፊት «ካርድ ይጠይቃል» ወይም «አይጠይቅም» የሚል ነገር ካልጻፈ ለእኛ ሰው ብዙም አይጠቅምም። ለምሳሌ ጊትሃብ ፔጅስ ያለ ካርድ ይጀመራል። ግን የማይለዋወጥ ገጽ ብቻ ነው የሚያስተናግደው፤ ሰው ተመዝግቦ የሚገባበት ወይም ዕቃ የሚሸጥበት ሲስተም በእሱ ብቻ አይሠራም። ይህችን አንድ መስመር አስቀድሞ ያነበበ ሰው የሁለት ሳምንት ልፋት ይተርፈዋል።

በሰውየውና በዌብሳይቱ መካከል የሚያልፈውን መረጃ የምትቆልፈው፣ ብራውዘሩ ላይ የቁልፍ ምልክት የምታመጣዋ ሰርተፍኬትም እዚሁ ተራ ትገባለች። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት ያለ ክፍያ ይሰጣታል። የምታገለግለው ግን ቢበዛ ለ90 ቀን በመሆኑ በራሷ እንድትታደስ ሆና መዘጋጀት አለባት። ይሄም በአንድ መስመር ይጻፋል።

ፎንት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የአማርኛ ዌብሳይት ትልቁ ጣጣ እዚህ ነው። የእኛ ፊደል ዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ፣ ማለትም ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሰው ነበር የሚሠሩት። «ሀ»ን የምታዩት ኮምፒውተሩ ውስጥ የሆነ የእንግሊዝኛ ፊደል ወይም ምልክት ስለተቀመጠ ነው፤ ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉ ወደ ዝብርቅርቅ ይለወጣል። እነዚያ ፎንቶች ዛሬም ከግሩፕ ግሩፕ ይዘዋወራሉ። ማውጫው ዩኒኮድ የሆነውንና ያልሆነውን ካልለየ ሰውን ገደል ይሰዳል።

ከዩኒኮዶቹ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና ኤስአይኤል የሚባለው ድርጅት የሠራው አቢሲኒካ በነጻ ይገኛሉ፤ ፈቃዳቸውም ለንግድ ሥራ ይሆናል። ግን ክብደታቸውን ልብ በሉ። እንግሊዝኛ 26 ፊደል በትልቁና በትንሹ ነው። የእኛ ገበታ ዩኒኮድ ውስጥ በመጀመሪያው ክፍሉ ብቻ ከ350 በላይ ምልክት አለው። አንድ ፎንት ያንን ሁሉ ቅርጽ ይዞ ነው ወደ ሰው ስልክ የሚወርደው፣ በሰውየው ዳታ። ስለዚህ ማውጫው ፎንቱን ጠቁሞ ዝም ማለት የለበትም፤ «ለዌብ የተጨመቀውን፣ ዎፍ 2 የሚባለውን ዓይነት ተጠቀሙ» ብሎ ይጨምር።

ምስል ደግሞ የፈቃድ ጉዳይ አለበት። በአማርኛ «ነጻ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል፤ ዋጋ የለውም ማለትም ይሆናል፣ እንደፈለግህ አድርገው ማለትም ይሆናል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ያለ ክፍያ የሚወርድ ምስል ለንግድ ዌብሳይት ላይፈቀድ ይችላል። ክሪኤቲቭ ኮመንስ ከሚባሉት ፈቃዶች አንዳንዱ የፎቶ አንሺውን ስም ከጻፋችሁ ለምንም ተጠቀሙበት ይላል፣ አንዳንዱ ንግድ ላይ ይከለክላል። የጣናን ጀንበር መጥለቂያ ፎቶ ከሰው ፌስቡክ አውርዶ ሆቴል ዌብሳይት ላይ መለጠፍ እኛ ጋ የተለመደ ነው። ግን ያ ፎቶ ባለቤት አለው። በዚህ ምክንያት «ነጻ» የሚለውን ቃል ማውጫ ውስጥ ለብቻው ባንጠቀምበት እመርጣለሁ። «ያለ ክፍያ»፣ «ለንግድ ይሆናል»፣ «ስም ይጠቀስ» ብሎ መለየት ይሻላል።

መማሪያው ብዙ ስለሆነ ብዙም አያስቸግርም፤ ኤምዲኤንና ፍሪኮድካምፕ ለመጀመሪያ ይበቃሉ። ክፍያ ላይ ቴሌብርም ቻፓም ከዌብሳይት ጋር የሚያያዙበት መንገድ አላቸው። ጀማሪው ማወቅ የሚፈልገው ግን «የንግድ ፈቃድ ይጠየቃል ወይ? መሞከሪያ አለው ወይ? መመሪያው ላይ የተጻፈው አሁን ካለው ጋር ይገናኛል ወይ?» የሚለውን ነው። ይሄን ማውጫው ላይ የሚጽፈው በእጁ የሞከረ ሰው ብቻ መሆን አለበት።

አንድ መግለጫ ምን ይመስላል?

ብዙ ዝርዝር ላይ የምናየው እንዲህ ነው፦ «ምርጥ የአማርኛ ፎንት፣ በጣም አሪፍ፣ ሞክሩት።» ከዚህ ምንም አልተማርንም። አሁን ይሄን እዩ፦

«ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። ለስልክ ንባብ የሚመች ቀጥ ያለ የአማርኛ ፎንት። ዩኒኮድ ነው። ያለ ክፍያ፣ ለንግድም ይሆናል። ከቀጭን እስከ በጣም ደማቅ ብዙ ውፍረት አለው፤ ሁሉንም አትጫኑ፣ ሁለቱ ይበቃል። ያየነው፦ ጥቅምት 12።»

ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚሆን፣ ምን እንደሚያስከፍል፣ ከምን መጠንቀቅ እንዳለብን፣ መቼ እንደታየ ተነግሮናል። አጭር ናት። አንዷን ለመጻፍ ግን ዕቃውን አውርዶ፣ ገጽ ላይ ጭኖ፣ በርካሽ ስልክ ከፍቶ ማየት ይጠይቃል። የማውጫው ዋና ሥራ ይሄ ነው። ሊንኩማ ከየትም ይገኛል።

ተራውን እንዴት እንደልድለው?

ባለሙያ በሚጠራው ስም አትደልድሉ። «ታይፖግራፊ» ከሚል ይልቅ «የአማርኛ ፎንት» በሉት፤ «ዲፕሎይመንት» ከሚል «ዌብሳይቴን የት ልጫን?» ይሻላል። መጥቶ የሚፈልገው ሰው በሚናገርበት አፍ ማለት ነው።

ሁለት ተራ ውስጥ የሚገባ ነገር ይኖራል። ጥቁር አዝሙድ ቅመምም ነው መድኃኒትም ነው፤ ገበያ ላይ ግን ጆንያው አንድ ቦታ ነው የሚቀመጠው። ኦንላይን ይህ ችግር የለም። አንድን ነገር አንድ ተራ ላይ አስቀምጣችሁ «ያለ ካርድ»፣ «ያለ ኔት የሚነበብ»፣ «በአማርኛ» የሚሉ ትንንሽ መለያዎች ትለጥፉበታላችሁ። ሰውየው «ያለ ካርድ» የሚለውን ሲነካ ከየተራው ያ ምልክት ያለበት ሁሉ ተሰብስቦ ይመጣለታል። ተራዎቹን ግን አታብዙ። አምስት ዕቃ ያልሞላው ተራ ለጊዜው ከጎረቤቱ ጋር ይቆይ።

በአማርኛ ፍለጋው ለምን እንቢ ይላል?

ይህ ከውጭ የምናመጣቸው ዝግጁ ማውጫ መሥሪያዎች የማያውቁት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ደክሜበታለሁ።

የጣና ዓሣ የሚያቀርብ ምግብ ቤት ዌብሳይት አለ እንበል። አንዱ «ዓሣ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «አሳ»፣ ሌላው «ዓሳ»፣ ሌላው «አሣ»። ስናነበው አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱን ጽፋችሁ ስትፈልጉ ሦስቱን ይደብቃችኋል። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። የራሳችን ከተማ ስም እንኳ «ባሕር ዳር»፣ «ባህር ዳር»፣ «ባህርዳር» እየተባለ ይጻፋል።

መፍትሔው ማመሳሰል ነው። ሰው የጻፈውን ቃልም ማውጫው ውስጥ ያለውንም፣ ለፍለጋ ብቻ ሲባል ከጀርባ ወደ አንድ ዓይነት ፊደል መቀየር፤ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ እንዲህ እያሉ። ለዓይን የሚታየው ጽሑፍ አይነካም። ጥቂት መስመር ኮድ ነው፣ ለውጡ ግን ትልቅ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከፊደላችን ባሕርይ ይመጣል። በእንግሊዝኛ ቃል ሲበዛ አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ላይ ፊደል ይጨመርበታል፣ የፊተኛው አይነካም። «ፎንት» ሲበዛ ግን «ፎንቶች» ነው። «ት» ጠፍታ «ቶ» ሆነች። «ፎንቱ» ስንል ደግሞ «ቱ» ሆነች። ስለዚህ «ፎንት» ብሎ የፈለገ ሰው «ለፎንት» የሚለውን ያገኛል፣ «ፎንቶች» የሚለውን ግን አያገኝም። ቀላሉ መፍትሔ ለፍለጋ ሲባል ፊደሎቹን ሁሉ ወደ ሳድስ መመለስ ነው፤ ቶም ቱም ታም «ት» ይሆናሉ። አንዳንዴ የማይገናኝ ቃል ያመጣል፣ ግን ትንሽ ማውጫ ላይ ከሚደብቅ ቢያበዛ ይሻላል።

በዚያ ላይ የስም መብዛት አለ። «ዌብሳይት» የሚል አለ፣ «ድረ ገጽ» የሚል አለ፣ «ድኅረ ገጽ» የሚልም አለ። ዌብ ማለት ድር ስለሆነ ድረ ገጽ የሚለው ነው የሚያስኬደው። ማውጫ ግን የሰው አፍ አያርምም። ሦስቱንም ያውቃል፣ በየትኛውም ቢፈለግ ይመልሳል።

ሊንክ ለምን ይሞታል?

ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩት ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ አይከፈቱም። ማውጫ የሚያረጀው ማንም ሳይነካው ነው። ዛሬ ሠርታችሁ ብትዘጉት ነገ መበላሸት ይጀምራል።

አሟሟቱ ይለያያል። አንዳንዱ ገጽ ጠፍቶ 404 የሚል ቁጥር ያመጣል፤ ሰርቨሩ «ቤቱ አለ፣ የጠየቅከው ክፍል ግን የለም» ማለቱ ነው። አንዳንዱ ቦታ ቀይሮ 301 ይላል፤ «ወደዚያ ሄዷል» እንደማለት። ደህና ከሆነ 200 ይመልሳል። እነዚህን ቁጥሮች ሌሊት ሌሊት እየዞረ የሚሰበስብ ፕሮግራም ማግኘት ቀላል ነው፤ ማውጫ ያለው ሰው ይህን ማድረግ አለበት።

ግን ያ የውርርድ ገጽ ትዝ ይላችኋል? እሱ ሲጠየቅ 200 ነው የሚመልሰው፣ ደህና ነኝ ይላል። የሆነው እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ባለቤት የዶሜይኑን የዓመት ክፍያ ሳይከፍል ቀረ፣ አድራሻው ለገበያ ወጣ፣ ሌላ ሰው ገዛውና የራሱን ነገር ጫነበት። ወደ አድራሻው የሚጠቁሙ የድሮ ሊንኮች ሁሉ አሁን ለአዲሱ ባለቤት ሰው ያመጡለታል። ፕሮግራም ይህን በቀላሉ አያውቅም። የሰው ዓይን ያስፈልጋል። እኔ በየሦስት ወሩ እያንዳንዷን ሊንክ በእጄ እከፍታለሁ፤ ስልችት የሚያደርግ ሥራ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ አላገኘሁለትም። ጠቃሚ ሆኖ የሞተ ገጽ ሲያጋጥመኝ ዌይባክ ማሽን ላይ ቅጂው መኖሩን አይና ያንን እተካለሁ። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ድርጅት ነው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የዌብ ገጾችን ቅጂ እያስቀመጠ ያለው።

«ያየነው» የሚለው ቀን የሚጻፈውም ለዚህ ነው። ከዓመት በፊት የታየ ከሆነ አንባቢው ራሱ ይጠነቀቃል።

ኔት ሲጠፋስ?

ባሕር ዳር ያለን ሰዎች ይህን ጥያቄ ልንዘለው አንችልም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ለወራት ነው የቆየው። ስልክ ላይ ብቻ ይማር የነበረ ልጅ ሁሉ ነገሩ ቆመ።

ስለዚህ ማውጫው ቀላል ይሁን፤ ብዙ ምስል የሌለበት፣ በደካማ መስመር የሚከፈት። ሙሉው በአንድ ፋይል የሚወርድ ቅጂም ይኑረው፣ በፍላሽ ከሰው ሰው የሚሄድ። ሊንኮቹ ያለ ኔት አይከፈቱም፣ መግለጫዎቹ ግን ይነበባሉ። «ያለ ኔት የሚነበብ» የሚለው መለያ ዋጋው የሚታወቀውም ያኔ ነው። ዴቭዶክስ የሚባለው የኮድ መመሪያዎች ስብስብ አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኔት ይሠራል። ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ዊኪፔዲያን የሚያክል ነገር ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ ማንበብ ይቻላል። አንድ ሰው መስመር ባለበት ቀን ካወረደው ዶርሙን ሁሉ ያዳርሳል።

ገንዘብ ሲገባበትስ?

ማውጫ ሰው ሲያገኝ «የእኔን ከላይ አድርግልኝ፣ እከፍላለሁ» የሚል ይመጣል። መክፈልም መቀበልም ነውር የለውም፤ «ማስታወቂያ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ኮሚሽን የሚያስገኝ ሊንክም እንደዚያው። ጉግል ራሱ የተከፈለበትን ሊንክ ከኮዱ ውስጥ ለይታችሁ ምልክት አድርጉበት ይላል፤ ካልሆነ ሁለቱም ዌብሳይቶች ፍለጋ ላይ ወደ ታች ሊወርዱ ይችላሉ። ከፋዩ መግለጫውን እንዲጽፍ ግን አትፍቀዱ። መግለጫው የእናንተ ቃል ነው።

የዲዛይነርና የፕሮግራመር ስልክ ቁጥር መዘርዘር ካማራችሁ ደግሞ መጀመሪያ ሰዎቹን ጠይቁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ቁጥር ከግሩፕ ለቅሞ መለጠፍ እንደ ድሮው አይደለም።

ከየት እንጀምር?

ከሠንጠረዥ። ጉግል ሺትስ ይበቃል። ዓምዶቹ፦ ስም፣ አድራሻ፣ ተራ፣ አጭር መግለጫ፣ ክፍያ፣ ፈቃድ፣ ካርድ ይጠይቃል ወይ፣ ያየው ሰው፣ የታየበት ቀን። ሃያ ሠላሳ ዕቃ በደንብ እስኪሞላ ድረስ ዌብሳይቱን አትንኩት። ብዙ ሰው ከዲዛይኑ ይጀምርና ቆንጆ ባዶ ቤት ሠርቶ ይቀራል። ሠንጠረዡ ሲሞላ ወደ ገጽ መቀየሩ የአንድ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ነው።

ከዚያ ሁለተኛ ሰው ፈልጉ። አንድ ሰው የሚጠብቀው ማውጫ ያ ሰው ሥራ የያዘ ዕለት ይቆማል። ሌሎች እንዲጠቁሙ ቅጽ ክፈቱ፣ ግን የተጠቆመው ሁሉ አይግባ። አንድ ሰው ከፍቶ ይየው፣ ይሞክረው፣ ከዚያ ይግባ። «አይ» ያላችሁትንም ለምን እንደሆነ በአንድ ቃል ጻፉት፤ በወሩ ሌላ ሰው ያንኑ ይዞ ይመጣልና።

የአክስቴ ልጅ ያን ቀን ከሰዓት እዚያው ጣና ዳር ጀመረችው። ቡናው ቀዘቀዘ፣ ስልኩን እኔ ያዝኩላት፣ እሷ ላፕቶፑ ላይ ሠንጠረዡን ከፈተች። አንድ በአንድ እየከፈተች አብዛኛውን አጠፋችው። ጀንበር ስትጠልቅ የቀራት አሥራ አንድ ነበር፣ ሁሉም መግለጫ ያለው። በሳምንቱ ሁለት የክፍሏን ልጆች ጨምራለች፤ አንዱ ፎንቱን ይዟል፣ አንዷ ሆስቲንጉን፣ እሷ ምስሉን። የክፍያ ተራ ገና ባዶ ነው። ከሦስቱ አንዳቸውም ዌብሳይት ላይ ክፍያ አስገብተው አያውቁም። ከግሩፖቹ ላይ ቆንጆ ሊንኮች ላክሁላት። «ጋሼ፣ አንተስ ሞክረኸዋል?» አለችኝ። ሁለቱን አልሞከርኳቸውም ነበር። ሁለቱን አላስገባቻቸውም።